የላይብረሪያችን ብሎግ አራት ፖስት ላይ ቆሟል፣ እንዴት እናስነሳው?

የመደርደሪያዋ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምሰራው አንድ የዞን ከተማ ውስጥ ባለ የህዝብ ላይብረሪ ነው፣ ሰርኩሌሽን (መፅሀፍ ማዋሻው) ላይ። አምና አንድ በጎ ፈቃደኛ ልጅ ብሎገር (የጉግል ነፃ የብሎግ መስሪያ) ላይ ብሎግ ከፍቶልን ነበር። አራት ነገር ወጣበት፤ አንዱ የእድሳት ምረቃ፣ አንዱ የመፅሀፍ ልገሳ ርክክብ፣ አንዱ እንኳን አደረሳችሁ፣ አንዱ ደሞ የስራ ሰአት ማስታወቂያ፣ እሱም ማህተም ያለበት ደብዳቤ በስልክ ፎቶ ተነስቶ የተለጠፈ ነው። ከዛ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ደረሰውና ሄደ፣ ብሎጉም በዛው ቀረ።

አሁን አዲስ ሃላፊ መጥታለች፣ ብሎጉን አስነሱት ብላ እኔንና አንዲት ባልደረባዬን መደበችን። እውነቱን ለመናገር በጣም ነው ደስ ያለኝ ምክንያቱም እዚህ ቤት ውስጥ ያለውን ነገር ከተማው አያውቀውም። በቀን የሚመጡት አብዛኞቹ የራሳቸውን ሃንድአውት ይዘው ወንበርና መብራት ፈልገው የሚመጡ ናቸው፣ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችና የኤግዚት ኤግዛም ልጆች፤ ተነስቶ መደርደሪያው ጋ የሚሄደው ጥቂት ነው። ከነሱ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ ለዛው ፈተና የሚጠቅም መፅሀፍ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፣ ይሄ ነገር ሁሌ ያንገበግበኛል።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። ምን ምን ብንፅፍ ነው ሰው የሚያነበው? በሳምንትስ ስንት ፖስት እናውጣ? ቴሌግራም እያለ ብሎግ ምን ያደርጋል የሚሉን አሉ፣ እሱን ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም። ሁለት ሰው ብቻ ነን፣ ያለን ስልክ ነው፣ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። የሰራችሁ ወይም ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ሪፈረንስ_ዴስክ፦

እህቴ እንኳን ይሄ ስራ ለምትወጂው ሰው ደረሰ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ 11 አመት ሆኖኛል፣ እኛም በዚሁ መንገድ አልፈናል ስለዚህ የተማርነውን በቀጥታ ልንገርሽ።

አንድ ደብተር ግዢ። በቃ ተራ ደብተር። ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጪውና ለሁለት ሳምንት ሰው የጠየቀሽን ጥያቄ ሁሉ በራሱ በሰውየው አነጋገር ፃፊው። "የ12 ማትስ ያለፉት አመታት ፈተና አለ ወይ"፣ "የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁን ፈልጌ ነበር"፣ "ልጄ ማንበብ እምቢ አለኝ ምን ልስጠው"፣ "መታወቂያ ከሌለኝ መዋስ እችላለሁ ወይ" እንዲህ እንዲህ ያለውን። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ተመልከቺው፣ ሶስት ጊዜና ከዛ በላይ የተጠየቀ ጥያቄ ሁሉ አንድ ፖስት ነው። ምን እንፃፍ የሚለው ጭንቀት እዛው ያልቃል።

ለምሳሌ አዋጁን እንውሰድ። አንድ ከስራ የተሰናበተ ሰው መጥቶ አዋጅ 1156/2011 ይላል፣ ወይም ቁጥሩን እንኳ አያውቀውም። አንቺ ነጋሪት ጋዜጣው የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ በአመትና በቁጥር እንዴት እንደተደረደረ፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን እንደሚታተም፣ ኮፒ ማንሳት ይቻል አይቻል እንደሆነ ታውቂያለሽ። ይሄን በአንድ ገፅ ፅፈሽ ብታወጪው የዛሬ ሁለት አመትም ያገለግላል። የምረቃው ዜና ግን በሳምንቱ ሞቷል። እኔ ምረቃና ርክክብ አይውጣ አልልም፣ እሱ የኮሙኒኬሽን ክፍሉ ፌስቡክ ላይ ይሂድ፣ ብሎጉ ግን ሰው ተቸግሮ ሲፈልግ የሚያገኘው ነገር ይሁን።

ሌላው እኛ የተሳሳትነው ነገር አዳዲስ የገቡ መፅሀፎችን ዝርዝር በፒዲኤፍ መልቀቅ ነበር። ሶስት መቶ ምናምን ርዕስ በአንድ ፋይል፣ ማን ይከፍተዋል። በኋላ አንድ ልምድ ያላት ባልደረባችን ስለ አንድ የስታትስቲክስ መፅሀፍ ብቻ ፃፈች፤ የትኛው ምእራፍ ለየትኛው ኮርስ እንደሚሆን፣ ምሳሌዎቹ ለምን ቀለል እንደሚሉ፣ የመደርደሪያ ቁጥሩን፣ ስንት ኮፒ እንዳለን። ልጆች ስልካቸውን ከፍተው "ይሄን ነው የምፈልገው" እያሉ መጡ። ከዛ ወዲህ እኛ ጋ ህግ ነው፣ በአንድ ፖስት ከሶስት መፅሀፍ አይበልጥም፣ የመደርደሪያ ቁጥር የሌለው ፖስት ደሞ አይወጣም። ካታሎጋችሁ ኮሃ በሚባለው የላይብረሪ ሶፍትዌር ከሆነ የመፅሀፉን ሊንክ እዛው አስገቢው፣ ገብቶ የወጣ ያልወጣ መሆኑን ያያል።

በሳምንት ስንት ላልሽው በአስራ አምስት ቀን አንድ በቂ ነው። ግን ቀኑ አይዛነፍ። በሳምንት ሶስት ብላችሁ ጀምራችሁ በሁለተኛው ወር ከምታቆሙ ይሄ ይሻላል፣ ደሞ ሁለትና ሶስቱን አስቀድማችሁ ፅፋችሁ አስቀምጡ ብሎገር ራሱ በቀጠራችሁለት ቀን ያወጣዋል፣ ኔትወርክ የጠፋ ቀን አትጨነቁም።

ኮድ_እና_ቡና፦

እኔ የቴሌግራሙን ጥያቄ ልመልስ፣ ስራዬም እሱ ስለሆነ።

ቴሌግራም መንገድ ላይ እንደሚጮህ ሰው ነው፣ ያኔ እዛ የነበረ ይሰማል። ዛሬ የለጠፍሽው ነገር በሳምንቱ ሌላ ሃያ ፖስት ተጭኖበታል፣ ቻናሉን ጆይን ያላደረገ ሰው ደሞ መኖሩንም አያውቅም፣ ጉግል ላይ ፈልጎም እምብዛም አያገኘውም። ብሎግ ግን አድራሻ አለው፣ እያንዳንዱ ፅሁፍ የራሱ ሊንክ አለው፣ ከአመት በኋላም ሰው "ነጋሪት ጋዜጣ የት ይገኛል" ብሎ ሲፈልግ ይወጣለታል። ስለዚህ አንዱን ትተሽ አንዱን አይደለም፣ ፅሁፉ ብሎግ ላይ ይቀመጥ፣ ቴሌግራም ላይ ሁለት አረፍተ ነገርና ሊንኩ ይለጠፍ። የከተማችሁ ወጣት ያለው ቴሌግራም ላይ ስለሆነ በር እሱ ነው።

አሁን የአማርኛ ነገር ላንሳ ምክንያቱም ማንም ትኩረት አይሰጠውም። "ቤተ መጻሕፍት" የሚለውን ቃል ሰው ስንት አይነት እንደሚፅፈው ተመልከቱ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መፃህፍት፣ ቤተመጽሐፍት፣ ቤተመፃፍት። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ እያለን ለኮምፒውተር እያንዳንዱ ሌላ ፊደል ነው፣ ሰርች ላይ አንዱን የፃፈ ሌላውን ላያገኝ ይችላል። እኔ የማደርገው ርዕሱ ላይ አንዱን አፃፃፍ እይዛለሁ ሁልጊዜም እሱኑ፣ ፅሁፉ ውስጥ ግን አንድ ቦታ ሰው በብዛት የሚተይበውን ሌላውን አፃፃፍ አስገባለሁ። ላይብረሪ የሚለውንም ጨምሪበት፣ ተማሪው የሚተይበው እሱን ነው።

ሁለተኛ፣ ያ የማህተሙ ደብዳቤ ፎቶ። ፎቶ ውስጥ ያለ ፅሁፍን ጉግል እንደ ፅሁፍ ያገኘዋል ብለሽ አትተማመኚ፣ ማየት የተሳነው ሰውም ስልኩ አያነብለትም፣ ዳታም ይበላል። የስራ ሰአቱን በፅሁፍ ተይቢው፣ ፖስት ሳይሆን ቋሚ ገፅ ላይ፣ "ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ማታ 1፡00" ብለሽ ጠዋትና ማታውን ለይተሽ። በክረምትና በበአል ሲቀየር ያንኑ ገፅ አስተካክይ። ደብዳቤው ከቢሮ በኮምፒውተር የሚመጣ ከሆነ ደሞ ፎንቱን እይው፣ በድሮው ቪዥዋል ግእዝ የተተየበ ከሆነ ኮፒ ፔስት ስታደርጊው እንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ነው የሚወጣው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የጋራ የፊደል ስርአት) ውስጥ የገባው እኮ በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ ግን እስካሁን በድሮው ፎንት የሚሰራ ቢሮ ሞልቷል። ፎንቱ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ከሆነ ግን ዩኒኮድ ስለሆነ ችግር የለም።

ሶስተኛው ከሁሉም በላይ ነው። ያ ልጅ ሲሄድ ፓስዎርዱንስ ማን ያዘው? አካውንቱ በልጁ የግል ጂሜይል ከሆነ ብሎጉ የላይብረሪው አይደለም። ዛሬውኑ የመስሪያ ቤቱ ጂሜይል ይከፈት፣ ልጁን ደውላችሁ አድሚን ያድርጋችሁ፣ ሁለት ሰው አድሚን ይሁን፣ ፓስዎርዱ ታሽጎ ሃላፊዋ ጋ ይቀመጥ። በየሶስት ወሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ባክአፕ አውርዱ። ታይፕፓድ የሚባል ትልቅ የብሎግ ድርጅት ነበር፣ ከሃያ አመት በላይ ሰርቶ በመስከረም 2018 ተዘጋ፣ ፅሁፉን ያላወረደ ሰው አለቀለት። ነፃ ቤት ውስጥ ስትኖሪ እቃሽን ሁሌ ቅጂ ይኑርሽ።

ሻይ_በሲያትል፦

ኮድ እና ቡና ታይፕፓድን ሲያነሳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የእንግሊዙ ብሪቲሽ ላይብረሪ በጥቅምት 2016 (በነሱ ኦክቶበር 2023) ከባድ የሳይበር ጥቃት ደርሶበት ዌብሳይቱም ካታሎጉም ለረጅም ጊዜ ከስራ ውጪ ሆነው ነበር። ብሎጎቻቸው ግን ሌላ ቦታ፣ እዛው ታይፕፓድ ላይ ስለነበሩ አልወደቁም። ስለዚህ ምን እንደደረሰ፣ የትኛው አገልግሎት እንደሚሰራ ለአንባቢዎቻቸው ይነግሩ የነበረው በብሎግ ነው። የዛን ጊዜ ያቆማቸው ያው ቤት በሁለት አመቱ ተዘጋ፣ ሁለቱንም ነገር ከዚህ እንማር፣ ከዋናው ዌብሳይት ውጪ አንድ መናገሪያ ይኑር ቅጂም ይኑር።

እኔ አሜሪካ የህዝብ ላይብረሪ ውስጥ ረዳት ሆኜ እሰራለሁ። እዚህ ሲያትል የከተማው ላይብረሪ ሼልፍ ቶክ የሚባል ብሎግ አለው፣ የሚፅፉት ራሳቸው ላይብረሪያኖቹ ናቸው፣ አንብበው የወደዱትን መፅሀፍ ለሰው እንደሚነግሩ አድርገው ነው የሚፅፉት። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ትልቁ ነገር ድምፅ ነው። "ቤተ መጻሕፍቱ ለተጠቃሚዎቹ ቀልጣፋ አገልግሎት ለመስጠት ከመቼውም ጊዜ በላይ ዝግጁ መሆኑን ይገልፃል" ብሎ የሚጀምር ፅሁፍ ማንንም አይጠራም። "ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የ8 አመት ልጇን ይዛ መጥታ እንዲህ ጠየቀችኝ" ብሎ የሚጀምርን ግን እናቶች ሁሉ ያነቡታል። ኦፊሻል ቋንቋውን ለደብዳቤ ተዪው የኔ እህት።

ሌላው ደሞ ከሰው ተማሩ። የአሜሪካው የኮንግረስ ላይብረሪ በፈረንጆች 2008 መጀመሪያ ላይ ከሶስት ሺህ በላይ የድሮ ፎቶዎች ፍሊከር የሚባል የፎቶ ማጋሪያ ዌብሳይት ላይ አውጥቶ ሰው የሚያውቀውን እንዲፅፍ ጋበዘ። ሰዉ "ይሄ ህንፃ እገሌ መንገድ ላይ ያለው ነው፣ ይሄ ሰውዬ እገሌ ነው" እያለ ፃፈ፣ ላይብረሪያኖቹም እያጣሩ ካታሎጋቸውን አስተካከሉ። እናንተ ጋ ደሞ ገና የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በህይወት አሉ! እኔ ይሄን ሳስብ ልቤ ይሸበራል፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ በ1860 ከመቅደላ የሄዱ 350 ገደማ ብራናዎቻችን አሉት፣ ስለነሱ የአንዳንዶቹን ታሪክ ብሎጉ ላይ ፅፈው ነው እኔ ሲያትል ተቀምጬ ያነበብኩት። በእንግሊዝኛ። የከተማችሁን ነገር ደሞ በአማርኛ እናንተ ካልፃፋችሁት ማን ይፅፈዋል?

ጡረተኛ_መምህር፦

ጤና ይስጥልኝ ልጆች። 34 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ እናንተ የምትሉትን ሁሉ ባላውቅም እንደ አንባቢ የምለው አለኝ።

እኔ ባለሁበት ከተማ ላይብረሪ ምድር ቤት ውስጥ የተጠረዙ የአዲስ ዘመን ጋዜጦች አሉ። አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው መታተም የጀመረው። ሁሉም ዓመት የለም፣ ያለውም ጥግ ጥጉ ተበልቷል፣ ግን አንድ ቀን ጠባቂውን ለምኜ ገብቼ ሳገላብጥ እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ሲከፈት የወጣውን ዜና አገኘሁ። ቆሜ አለቀስኩ። ያ ዜና እዚያ እንዳለ የሚያውቅ ሰው በከተማው ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ልጄ፣ አንቺም ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። በወር አንድ ጊዜ እንኳ ከድሮው ጋዜጣ ስለ ከተማችሁ የወጣ አንድ ዜና አውጪ፣ ቀኑንና ዓመቱን ጻፊ፣ ከዚያ "ይህን የሚያስታውስ ካለ ይንገረን" በይ። ሽማግሌው ኢንተርኔት የለውም ትሉኝ ይሆናል። አትሙትና በር ላይ ለጥፉት! የልጅ ልጁ ያነብለታል። መልሱን ደግሞ ተቀብላችሁ ብሎጉ ላይ ጨምሩ፣ ማን እንደተናገረ ፈቃዱን ጠይቃችሁ። እኛ ስናልፍ ይዘነው የምናልፈው ብዙ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። መጽሐፍ ሙሉውን ፎቶ አንስቶ በስልክ መበተን አሁን ልማድ ሆኗል። ላይብረሪ ይህን ማድረግ የለበትም። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይጠብቃል። ምንጩን ጠቅሶ ጥቂት መስመር መውሰድ ግን የተፈቀደ ነው፣ እሱ ራሱ ሰውን ወደ መጽሐፉ ይጎትታል። የሕፃናትን ፎቶም ወላጅ ሳይፈቅድ አታውጡ።

የመደርደሪያዋ_ልጅ፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ የእርስዎን ለባልደረባዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ሁለታችንም ዝም ብለን ቆየን። እኛም እቃ ግምጃ ቤት ውስጥ የተጠረዙ ጋዜጦች አሉን፣ ነገ ጠዋት ነው የምንገባው።

ልጁን ደወልኩለት፣ ፓስዎርዱን አስታውሶ አድሚን አድርጎናል ተመስገን። ደብተሩንም ጀምሬያለሁ፣ በሶስት ቀን 41 ጥያቄ ፅፌአለሁ፣ ከነሱ ውስጥ ዘጠኙ "ማታ እስከ ስንት ሰአት ክፍት ናችሁ" ነው! ያ ፎቶ ለካ ማንም አላየውም።

አሁን የቀረኝ አንድ ጭንቀት አለ። ሃላፊዋ ጥሩ ናት ግን እያንዳንዱ ፅሁፍ ከመውጣቱ በፊት በደብዳቤ ይቅረብ የሚሉ ከበላይ አሉ። እንደዛ ከሆነ አንድ ፖስት ሶስት ሳምንት ነው የሚፈጀው። እናንተ ይሄን እንዴት አለፋችሁት? ደሞ ሪፖርት ላይ ስንት ሰው አየው ይሉናል፣ ትንሽ ከተማ ነን ቁጥሩ ትንሽ ነው የሚሆነው።

ሪፈረንስ_ዴስክ፦

ይሄ የሁሉም መስሪያ ቤት ችግር ነው። ብዙ ብሎግ የሚሞተው የሚፃፍ ጠፍቶ አይመስለኝም፣ ፊርማ ሲጠብቅ ነው። ደሞ እኛ አገር ልምዱም ገና ነው፣ ሌላው አለም መስሪያ ቤቱ ሁሉ ብሎግ በሚፅፍበት ጊዜ እኛ ጋ ብሎግ ይታገድ ነበር፣ በሰኔ 2010 አይደል 264 ዌብሳይቶች ተከፈቱ የተባለው። ስለዚህ ሃላፊዎች ቢፈሩ አልፈርድባቸውም፣ ፍርሃቱን ማቅለል ነው የኛ ስራ።

እኛ ያደረግነው ፈቃዱን አንድ ጊዜ መጠየቅ ነው። አንድ ገፅ ፃፍን። ያለ ፈቃድ የሚወጣው ስለ መፅሀፍ፣ ስለ አገልግሎት፣ ስለ ስራ ሰአት፣ ስለ አጠቃቀም የሚፃፍ፤ አስቀድሞ ሃላፊ የሚያየው የሰው ስም ወይም ፎቶ ያለበት፣ ስለ በጀትና ስለ ቅሬታ የሚያነሳ፤ ጭራሽ የማይወጣው የተጠቃሚ የውሰት መረጃ። ማን ምን እንደተዋሰ የማንም ጉዳይ አይደለም፣ ይሄን በደማቁ ፃፊው። ከዛ ኮሜንት ማን ይመልሳል፣ በስንት ቀን ይመልሳል የሚለውን ጨመርን። ያን ገፅ አስፈረምን፣ ከዛ ወዲህ ደብዳቤ የለም። ስህተት ሲገኝ በግልፅ እናርማለን፣ "በዚህ ቀን ታርሟል" ብለን ከስሩ እንፅፋለን።

የቁጥሩን ነገር ደሞ ተዪው። ስንት ሰው አየው ከሚለው ይልቅ የውሰት መዝገብሽ ላይ አንድ ትንሽ ምልክት ጀምሪ፣ ብሎጉን አይቶ የመጣውን ሰው ብቻ። በወር ስድስት ሰው ቢሆን እንኳ "በዚህ ፅሁፍ ምክንያት ስድስት ሰው መጥቶ መፅሀፍ ወስዷል" የሚል ሪፖርት ሃላፊዎች ይገባቸዋል፣ የመፅሀፉንም ርዕስ ጥሪበት። እኛ ጋ ተጨማሪ ኮፒ የተገዛው እንደዚህ አይነት ሪፖርት ከቀረበ በኋላ ነው።

ኮድ_እና_ቡና፦

አንድ ነገር ልጨምር። በር ላይ ለምትለጥፉት ወረቀት ኪውአር ኮድ ስሩበት፣ ነፃ ነው። ግን ሊንኩንም በፅሁፍ አጠር አድርጋችሁ ከስሩ ፃፉት ሁሉም ስልክ አያነበውም። የፎቶውን መጠን ደሞ ከማስገባታችሁ በፊት ቀንሱት፣ ዳታ ካርድ ገዝቶ የሚያነብ ልጅ ነው ያላችሁ።

የመደርደሪያዋ_ልጅ፦

ገብቶኛል። ሰኞ ያቺን የፈቃድ ገፅ ፅፌ ለሃላፊዋ አስገባለሁ። የመጀመሪያው ፖስት የስራ ሰአቱ ነው፣ በፅሁፍ፣ ዛሬ ማታ ይወጣል። ሁለተኛው የ12ኛ ማትስ መፅሀፎቹ፣ ባልደረባዬ የመደርደሪያ ቁጥራቸውን እየፃፈች ነው። ሶስተኛው ከጋዜጦቹ የምናገኘው ይሆናል። ጋሼ፣ ስለ ከተማችን ያገኘሁትን እዚህ ላይ አምጥቼ አሳይዎታለሁ።